«ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተኝ»

ደብዳቤው (በጥቂቱ አሳጥረነዋል)

ጋሼ፣ እንደ ታናሽ ወንድምዎ «አንተ» እያሉ ይምከሩኝ፤ «እርስዎ» ካሉኝ መደበቂያ አገኛለሁ።

ዕድሜዬ 43 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የሰንበቴያችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በሰፈራችን «ጨዋ፣ መንፈሳዊ ሰው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ወደ እኔ ቤት ነው የሚጠቁሙዎት። አጽዋማቱን እጾማለሁ፤ የመስከረም 21ን የግሸን ማርያም ጉዞ ካልታመምኩ አላስታጉልም። ነገር ግን ከልጅነቴ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በሽማግሌና በማዘጋጃ ቤት ነው፤ በቅዱስ ቁርባን ገና አልተወሰንም። እሷ «እኔ ዝግጁ ነኝ፤ የምጠብቀው አንተን ነው» ካለችኝ ቆየች። እኔ ሁሌ «ገና አልበቃሁም» እላታለሁ፤ ትሕትና ይመስላታል።

እውነቱ እንዲህ ነው። አባታችን ሲያርፍ እኔና ታናሽ እህቴ ቤት ወረስን። እሷ ያኔም አሁንም ኩዌት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ውክልና ላከችልኝ፤ በ2011 ዓ.ም. ቤቱን ሸጥኩ፤ የሸጥኩበትን ዋጋ ግን አሳንሼ ነገርኳት። በልዩነቱ የኮንዶሚኒየም ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ። ዛሬ የምንኖረው እዚያ ነው። እህቴ አሁንም ስትደውል «ጋሻዬ» ነው የምትለኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ አውቃለሁ፤ ግን «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩት ብዙ ነው» ከማለት አላልፍም። ቀለል ያለ ቀኖና ሰጥተው ይሸኙኛል። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስነሣ አፌ ይቆለፋል። በቅዳሴ ሰዓት «ንጹሕ የሆነ ይቀበል» ሲባል ጉልበቴ ይብረከረካል። በቅርቡ ትንሿ ልጄ ቆርባ ቤት ከገባን በኋላ ቁርሷን እየበላች «አባዬ፣ አንተን ለምንድን ነው የማይሰጡህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ይህ ፍርሃት ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው? እስኪለቀኝ ልጠብቅ? ወይስ ቆርቤ ብሳሳት የባሰ ስለሚሆን እስካረጅ ላቆየው?

መልስ

ወንድሜ፣

አስቀድሜ ድንበሬን ላስታውቅህ። እኔ ካህን አይደለሁም፤ የጻፍክልኝም ኑዛዜ አይደለም። ከዚህ ዓምድ «እግዚአብሔር ይፍታህ» አትጠብቅ፤ እሱን የሚልህ መስቀል የጨበጠ ሰው ነው። እኔ የምችለው ወደዚያ ሰው የሚያደርሰውን መንገድ ምን እንደዘጋብህ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ደግሞ መንገዱን የዘጋው አንተ የጠረጠርከው ነገር አልመሰለኝም።

ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ወይ ብለሃል። አለበት። እግዚአብሔርን የማትፈራ ብትሆን ኖሮ ጉልበትህ አይብረከረክም፤ ነጠላህን አስተካክለህ ሰልፉ ውስጥ ትገባ ነበር። ያን ያላደረግከው ነገሩን ስለምታከብር ነው፤ ይህን አላሳንስብህም። ግን ከሱ ጋር ተጠላልፎ የበቀለ ሌላ ፍርሃት አለ። «እህቴ ብታውቅ ምን ትላለች? ባለቤቴ የምንኖርበትን ቤት ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ታየዋለች? የሰንበቴው ሰው ‹ገንዘብ ያዣችን እንዲህ ነው እንዴ› ቢልስ? ቤቱን ልሸጥ ነው?» የሚል ነው። ይሄኛው የሚፈራው ሰውን ነው፤ ገንዘብ ማጣትንም ይፈራል። አንተ ሁለቱን አንድ ላይ አስረህ «ፈሪሃ እግዚአብሔር» ብለህ ስም አወጣህላቸው።

ሁለቱን ለመለየት እግርህን ወዴት እንደሚወስዱት ማየት ይበቃል። እግዚአብሔርን መፍራት እያንቀጠቀጠም ቢሆን ወደ እሱ ያቀርባል። ሌላው ያሸሻል። በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ «ፈራሁ» ያለው ሰው አዳም ነው፤ «ዕራቁቴንም ስለ ሆንሁ ፈራሁ፥ ተሸሸግሁም» ነው ያለው። እግዚአብሔር እኮ ገና የቁጣ ቃል አልተናገረውም፤ «ወዴት ነህ?» ብሎ ብቻ ነው የጠራው። አዳም ቅጠል ሰፍቶ፣ ዛፍ ተከልሎ፣ ሲጠራም የበላውን ትቶ ስለ ራቁትነቱ አወራ። አንተም ንስሐ አባትህ ፊት ቀርበህ ያደረግከው ይህንኑ ነው። የተናገርከው ውሸት አልነበረም፤ የሚያስጨንቅህን ግን አልተናገርክም።

«በማወቅም ባለማወቅም» የሚለውን ቃል አልንቀውም። የዘነጋነውን ሁሉ ጠቅልሎ እንዲያቀርብልን የምንለው ነው። አንተ ግን ያልዘነጋኸውን ሸሸግክበት። ሐኪም ቤት ገብቶ፣ የቱ ጋ እንደሚወጋው እያወቀ «ሁለመናዬን ያመኛል» የሚል ሰው ፓናዶል ይዞ ነው የሚመለሰው። ንስሐ አባትህ ቀለል ያለ ቀኖና ሰጥተው የሸኙህ ደግ ስለሆኑ ወይም ስላልገባቸው አይደለም፤ የነገርካቸው ያንን ያህል ብቻ ስለሆነ ነው።

እስኪለቀኝ ልጠብቅ ላልከው፣ አይለቅህም። ሰባት ዓመት ጠብቀህ አየኸው አይደል?

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ያለችውን፣ ደም ሲፈስሳት የኖረችውን ሴት አስባት። 12 ዓመት ታማለች፤ ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒት ከስክሳለች። በዘሌዋውያን 15 በተጻፈው ሕግ መሠረት እሷ የነካችው ሰው ይረክሳል፤ ስለዚህ በዚያ ሕዝብ መሐል እየተጋፋች ማለፏ ራሱ ጥፋት ነበር። ከኋላ መጥታ ልብሱን ነካች፤ ወዲያው ዳነች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢቆም ለሷ በጣም የሚመች ነበር። የመጣችበትን አግኝታለች፤ ማንም አላያትም፤ ደቀ መዛሙርቱ እንኳ «ይሄ ሁሉ ሰው እያጋፋህ እንዴት ማን ነካኝ ትላለህ?» እያሉ ነው። ሾልካ ቤቷ መግባት ትችል ነበር። ጌታ ግን መንገዱን አቁሞ ዙሪያውን ይመለከት ጀመር። ወንጌሉ እንዲህ ይላል፦ «እየፈራችና እየተንቀጠቀጠች፥ መጥታ በፊቱ ተደፋች እውነቱንም ሁሉ ነገረችው።»

ፍርሃቷ ለቋት አልመጣችም። ከነመንቀጥቀጧ ነው የመጣችው። ደፋር ሆናም አይደለም፤ ደፋር ቢሆን ቆሞ ይናገር ነበር። እሷ መሬት ላይ ተደፋች፤ ከመሬት በታች ደግሞ የሚወደቅበት ቦታ የለም። ፍርሃት ሁልጊዜ የሚጠብቀው ነገር አለው፤ ክብር ይሁን፣ ስም ይሁን፣ ሀብት። ያንን ነገር በገዛ እጅህ መሬት ስታስቀምጠው ፍርሃቱ ቆሞ የሚጠብቀው ያጣል፤ ምላስህም ያኔ ይፈታል። ትሕትና ለፍርሃት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው እንጂ፣ ልብን የሚያደነድን ሌላ ኃይል ስለሆነ አይደለም። እሷ እውነቱን ሁሉ ከተናገረች በኋላ በሕዝብ ፊት የሰማችው ደግሞ ተግሣጽ አልነበረም፤ «ልጄ ሆይ» የሚል ነበር።

የአንተ ፍርሃት ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቀዋለን። «ጨዋ፣ መንፈሳዊ» የሚለውን ስም ነው።

ከደብዳቤህ ውስጥ እኔን የገረመኝ የግሸን ነገር ነው። ያንን ሁሉ መንገድ በመኪና ተንገላተህ፣ ያንን ዳገት ወጥተህ፣ ብርዱን ችለህ አድረህ ትመጣለህ። ከባድ ነገር አያስፈራህም። በነገሥት መጽሐፍ ያለውን የሶርያውን የጦር አለቃ ንዕማንን ታውቀዋለህ። ለምጹን ሊያስነጻ በፈረስና በሠረገላ፣ ብርና ወርቅ አስጭኖ ኤልሳዕ ደጃፍ ደረሰ። ነቢዩ ግን ሊቀበለው እንኳ አልወጣም፤ መልእክተኛ ልኮ «ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ» አለው። ንዕማን በጣም ተቆጣ፤ የደማስቆ ወንዞች የማይሻሉ ሆነው ነው? ያዳኑት ባሪያዎቹ ናቸው፤ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረም ወይ አሉት። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ንስሐ አባትህ «ግሸንን በባዶ እግርህ ውጣ» ቢሉህ ነገ ጠዋት ትነሣለህ። ትንሿን ግን ሰባት ዓመት እምቢ አልክ፤ ምክንያቱም ግሸን ስትወጣ ሰው ያይሃል፣ ስምህም አብሮህ ይወጣል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ግን ስምህ ይወርዳል።

«ገና አልበቃሁም» ማለትህ ለባለቤትህ ትሕትና መስሏታል። ይቅርታ አድርግልኝና፣ አንዳንዴ ለአንተም ሳይመስልህ አልቀረም። ጴጥሮስም በዚያች ሐሙስ ማታ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል የሰማው ሁሉ «እንዴት ያለ ትሑት ነው» ሳይል አይቀርም። ጌታ ግን «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ውኃና የወይራና የወይን ቅጠል ይዘው እግር ሲያጥቡ፣ ከኋላ ተሸጉጦ እግሩን የሚያሸሽ ሰው አይጠፋም። «ኧረ እኔ ማን ሆኜ!» ይላል። ጠጋ ብለህ ስታየው ብዙ ጊዜ ካልሲው የተቀደደ ነው።

ደግሞም «አልበቃሁም» የሚለው ጸሎት በቅዳሴው ውስጥ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን አንተ ያስቀመጥክበት አይደለም። ከመቀበል በፊት የሚጸለየውን በደንብ አዳምጥ። ከረከሰች ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባም፣ አሳዝኜሃለሁና የሚል ነው፤ የመቶ አለቃው ቃል ነው፣ ማቴዎስ 8 ላይ ያለው። ይህን የሚለው ግን ጫማውን አጥልቆ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አይደለም፤ ሊቀበል የቀረበ ሰው ነው። እየቀረብን እንድንለው የተሰጠንን ቃል እኛ እየሸሸን እንለዋለን። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ነው ያለው፤ ራሱን ፈትኖ ይመለስ አላለም። ከዚያ ቃል በፊትና በኋላ ያለው ማስጠንቀቂያ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አላቀለውም። እንዳለህ፣ ሳትናዘዝና ሳትመልስ ሂድ እያልኩህም አይደለም።

ጉልበትህን የሚያብረከርከው «ንጹሕ የሆነ ይቀበል» የሚለው ቃል ካህኑ እጃቸውን ሲታጠቡ የሚሉት ነው። አንተ እዚያ ላይ ጆሮህን ትደፍናለህ መሰለኝ። ካህኑ ግን ይቀጥላሉ፤ በልቡ ቂም የያዘ አይቅረብ ይላሉ፤ እጃቸውን እንደታጠቡ ከሕዝቡም ደም ንጹሕ መሆናቸውን ይናገራሉ። ከዚያ የሚከተለው ምንድን ነው? ስለ ሰላም ይጸለያል፤ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ይታዘዛል፤ በግራና በቀኝህ ላለው ሰው እጅ ትነሣለህ። ማስጠንቀቂያው ወደ መውጫው በር አይገፋህም፤ ወደ ሰው ነው የሚመልስህ። በአንተ ጉዳይ ያ ሰው ኩዌት ነው ያለችው።

ቅዱስ ቁርባን እሳት ነው የሚባለውም እውነት ነው። ግን የእሳቱን ነገር ከኢሳይያስ ጠይቅ። ደሙ የሚቀበልበት ዕርፈ መስቀል ላይ ቅዳሴው ሲጀመር የሚጸለየው ጸሎት የሚያስታውሰው እሱን ነው፤ ሱራፌል ከመሠዊያው ፍሙን በጉጠት አንሥቶ ወደ እሱ መምጣቱን። ኢሳይያስ ያን ክብር ባየ ጊዜ «ኃጢአቴ ብዙ ነው» ብሎ አላለፈም፤ «ከንፈሮቼ የረከሱብኝ ሰው» ነኝ አለ። ፍሙ የት አረፈ? ከንፈሩ ላይ። እዚያው ያመለከተው ቦታ ላይ። አላቃጠለውም፤ «በደልህም ከአንተ ተወገደ» ተባለ። ቦታውን ያላሳየህ ሰው እሳቱ የት ይነካህ?

ስለ እርጅናው ባጭሩ ልመልስልህ። በየሰንበቱ ወደ መጋረጃው የሚጠጋውን ሰልፍ እየው፤ ፊት ለፊት በእናታቸው ጀርባ ያሉ ሕፃናት፣ ከኋላ መቋሚያ የተደገፉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች። መሐሉ የለም። መሐሉ ግድግዳ ተደግፎ ይመለከታል። ይህን ልማድ ማን እንደሠራልን እንጃ፤ ወንጌሉ ግን «የሰውን ልጅ ሥጋ ካልበላችሁ ደሙንም ካልጠጣችሁ በራሳችሁ ሕይወት የላችሁም» ሲል ዕድሜ አልጠቀሰም። «ቆርቤ ብሳሳትስ» ለሚለው ደግሞ ያቺን ሌሊት ራሷን ውሰድ። ጴጥሮስ ከጌታ እጅ ተቀብሎ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ካደው። ከዚያ በላይ ፈጥኖ የወደቀ ቆራቢ ትጠራልኛለህ? ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ፤ ግን ከወንድሞቹ አልተለየም፤ ጌታም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ራሱ ፈልጎት መጣ። ቆርቦ መሳሳት ቀላል ነው አልልህም። ከቆረቡ በኋላ ንስሐ የለም ያለህ ካለ ግን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ንስሐ አባትህን ደውለህ ቀጠሮ ያዝ። ቤትህ ሲመጡ አይሆንም፤ ባለቤትህ ቡና እያቀረበች፣ ልጆችህ መስቀል እየተሳለሙ ያ ነገር ከአፍህ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዳሴና ከጉባኤ ውጪ ባለ ሰዓት፣ ዛፍ ሥርም ቢሆን ይሁን። ስትቀመጥ የመጀመሪያው ቃልህ ይህ ይሁን፦ «አባ፣ የእህቴን ገንዘብ ወስጃለሁ። የአባታችንን ቤት የሸጥኩበትን ዋጋ ዋሽቻታለሁ።» መግቢያ አታብጅለት። «ያኔ ኑሮ ከብዶኝ ነበር» «እሷ ደመወዝ ነበራት» የሚሉት ሁሉ፣ እውነት ቢሆኑም፣ ሲጠይቁህ ብቻ ይምጡ። አፌ ይቆለፋል ብለሃልና በወረቀት ጽፈህ ሂድና አንብበው፤ ማንም አይስቅብህም። ስትጨርስ ወረቀቱን ቅደደው።

«ቤቴ የሚበሉ የሚጠጡ አባት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ?» የሚል ሐሳብ ከያዘህ፣ ይህ የብዙ ሰው ችግር ነው። ካህን በኑዛዜ የሰማውን እንዳያወጣ በሥርዓቱ የተከለከለ ነው፤ ደግሞም እሳቸው ከአንተ የከበደ ነገር ስንት ጊዜ ሰምተው ቡናቸውን ጠጥተው እንደሄዱ አታውቅም። ጭራሽ ካልቻልክ «ሌላ አባት ጋ ልናዘዝ ይፍቀዱልኝ» ብለህ ለራሳቸው ነግረህ ቀይር። ሳያውቁ ጠፍቶ ሌላ ካህን ጋ መሄድ አንዱን መደበቂያ በሌላ መለወጥ ነው።

ቀኖናው ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ እንደ አቅምህ ነው የሚሰጥህ፤ ጉልበትህን የሚያምህ ከሆነ እዚያው ተናገር። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የእህትህን ድርሻ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ለነዳያን እንዳትሰጠው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ሰጪ ተብለው ይመረቃሉም። ገንዘቡ ባለመብት አለው፤ አድራሻዋን ታውቃለህ።

ለባለቤትህ ከእህትህ በፊት ንገራት። የምትኖርበት ቤት ነው፤ የሚከፈለውም ከጋራ ኪሳችሁ ነው። ስትጠብቅ የኖረችው አንድ ነገር፣ ያስጠበቃት ሌላ ነገር ሆኖ ስታገኘው መቆጣቷ አይቀርም። ቁጣውን አትከራከረው። ለትንሿ ልጅህ ደግሞ ዝርዝር አያስፈልጋትም፤ «ከልክለውኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያልሄድኩት፤ አሁን ግን እየተዘጋጀሁ ነው» በላት። ከልካይ ካህናት እንዳሉ እያሰበች እንዳታድግ።

እህትህ ጋ ሳትደውል «ሂድና አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የሚለውን የማቴዎስ 5ን ቃል ለራስህ አንብብ፤ ለሷ ግን እንዳታነብላት። የበደለ ሰው ለተበደለው ስለ ይቅርታ ሲሰብክ ከመስማት የከፋ ነገር ጥቂት ነው። የዕረፍት ቀኗን ጠይቀህ፣ ከአሠሪዎቿ ቤት ውጪ ስትሆን፣ በድምፅ ንገራት። በጽሑፍ መልእክት አይሆንም፤ ሥራ ላይ ሆና ብታነበው ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትሸከመው። ሽማግሌ አስቀድመህ አትላክ፤ ባህላችን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ ከአንተ አፍ ትስማው፤ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ከተቀየመችህና ስልክ ካላነሣችልህ ነው። «ይቅር ካላልሽኝ እኮ መቁረብ አልችልም» እንዳትላትም። ያ ሁለተኛ ዕዳ መጫን ነው። ዝም ልትል ትችላለች፤ ልትጮህ ትችላለች፤ «ጋሻዬ» የሚለውን ስም ለዓመታት ላትጠራህ ትችላለች። መብቷ ነው። እሷ እስክትመለስ አንተ ምን ማድረግ እንዳለብህ ንስሐ አባትህ ይነግሩሃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የደበቅከውን ብር ቆጥረህ ያንኑ ብትልክላት መልሰሃል ለማለት ይከብደኛል። በ2011 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 28 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 57 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ በላይ ነው። እሷ ደግሞ የምትሠራው በዲናር ነው፤ ሒሳቡን ካንተ ቀድማ ታሰላዋለች። በዚያ ገንዘብ ያኔ ቦታ መግዛት ትችል ከነበረ፣ ዛሬ የአጥር ቆርቆሮ ላይገዛላት ይችላል። በዘኍልቍ 5 የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛውን እጅ ይጨምር ይላል፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ ብሎ ተነሣ። ስንት እንደሚሆን እኔ አልወስንልህም፤ ከሷ ጋር ተነጋገሩበት፤ ግን «ዋናው ይኸውልሽ» ብለህ እጅህን አትታጠብ።

የሽያጩን ውል ፈልገህ አውጣና ፎቶ አንሥተህ ላክላት። ውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ለግብር ሲባል ዝቅ ተደርጎ ከሆነ እሱን ከለላ አታድርገው፤ ባንክ የገባልህን ገንዘብ የሚያሳየውን መግለጫ ጨምርበት። ባንዴ መክፈል ካልቻልክ በየወሩ የሚላከውን መጠን እሷ ትወስን። የመጀመሪያውን ክፍያ ግን ከመደወልህ በፊት ለብቻው አስቀምጠው።